የጤና መድን ኦዲትና የማበረታቻ ክፍያ በጤና ተቋማት፦ የመድን አባላት ሊያውቁት የሚገባ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን (ማአጤመ) አባል የሆነ ሰው ታሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የአባልነት ደብተሩን ያሳያል፣ ይመረመራል፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ወስዶ በገንዘብ መቀበያው መስኮት ሳይከፍል ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከአባሉ አንጻር ጉዳዩ በዚህ ያበቃል። ከጤና ጣቢያው አንጻር ግን ገና መጀመሩ ነው፤ የሰጠው አገልግሎት ዋጋ እጁ አልገባምና። ተቋሙ ወጪውን መዝግቦ፣ አስልቶና ማስረጃ አያይዞ ለወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል። ጽሕፈት ቤቱ ጥያቄውን መርምሮ ሙሉውን ይከፍላል፤ ጉድለት ካገኘበት ደግሞ ከክፍያው ይቀንሳል። ይህ ምርመራ የጤና መድን ኦዲት ይባላል።

ኦዲቱ የሚካሄደው አባላት በማያዩት ቢሮ ቢሆንም ውጤቱ ተመልሶ የሚደርሰው እነርሱ ዘንድ ነው። የጤና ጣቢያው ክፍያ ሲቀነስበት ወይም ሲዘገይበት መድኃኒት መግዣ ያጣል። መድኃኒት ሲጠፋ አባሉ በኪሱ ከፍሎ ከውጭ ይገዛል፤ መዋጮ ከፍሎ እንደገና ከኪሱ የሚያወጣ አባወራ ወይም እማወራ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት አባልነቱን ለማደስ ያመነታል። በሌላ በኩል ኦዲት ባይኖር ኖሮ ያልተሰጠ አገልግሎት እንደተሰጠ ተቆጥሮ የአባላት መዋጮ በከንቱ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ተገልጋዮች የአሠራሩን ዋና ዋና ነጥቦች ቢያውቁ መብታቸውን ለማስከበርም ሆነ ግዴታቸውን ለመወጣት ይረዳቸዋል።

ሥርዓቱ በአጭሩ

በኢትዮጵያ የጤና መድን ሁለት ዘርፎች አሉት። በመደበኛው ክፍለ ኢኮኖሚ የተሠማሩ ሠራተኞችን የሚመለከተው ማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ተደንግጓል። አርሶ አደሩን፣ አርብቶ አደሩንና በከተማ መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደረውን የኅብረተሰብ ክፍል የሚመለከተው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ከተሞች ተስፋፍቷል። ዘርፉን በፌዴራል ደረጃ የሚመራው ተቋም በደንብ ቁጥር 191/2003 በኤጀንሲነት ተቋቁሞ የነበረ ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት በሚል ስያሜ ይታወቃል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ላይ ነው።

አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው። መዋጮው በየዓመቱ ይከፈላል፤ የመክፈል አቅም ለሌላቸው ወገኖች መንግሥት ይሸፍናል። የተሰበሰበው ገንዘብ በወረዳ ወይም ከዚያ ከፍ ባለ እርከን በተደራጀ ቋት ይቀመጣል፤ ቋቱን የሚያስተዳድረው አካልም ከጤና ጣቢያዎችና ከሆስፒታሎች ጋር ውል ይፈራረማል። ተቋሙ ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ፣ በምን ዋጋ እንደሚያስከፍል፣ የክፍያ ጥያቄውን መቼና ከምን ማስረጃ ጋር እንደሚያቀርብ የሚወሰነው በዚህ ውል ነው። በኦዲት ወቅት በተቋሙና በመድን ጽሕፈት ቤቱ መካከል ለሚነሳ ልዩነት ሁሉ መነሻውም ማጣቀሻውም ውሉ ነው።

የክፍያ ጥያቄ ከካርድ ክፍል ይጀምራል

ለአብነት ትኩሳትና ራስ ምታት የያዛት አንዲት አባል ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች እንበል። የካርድ ክፍል ሠራተኛው ደብተሯን ተቀብሎ ፎቶግራፏን፣ በቤተሰቡ ዝርዝር ውስጥ ስሟ መኖሩን፣ የዘመኑ መዋጮ ተከፍሎ ደብተሩ መታደሱን ያረጋግጣል፤ የአባልነት መለያ ቁጥሯንም በሕክምና ካርዷ ላይ ያሰፍራል። ሐኪሙ ወይም ጤና መኮንኑ የሕመሟን ታሪክ፣ በምርመራ ያገኘውን ምልክት፣ የጠረጠረውን በሽታና ያዘዘውን የላቦራቶሪ ምርመራ ይጽፋል። የላቦራቶሪው ውጤት በካርዱ ይያያዛል። መድኃኒቱ በማዘዣ ወረቀት ይታዘዛል፤ የማዘዣው አንዱ ቅጂ በመድኃኒት ቤት ቀርቶ ሌላው ለክፍያ ጥያቄው ማስረጃ ይሆናል። በብዙ ተቋማት አባሏ አገልግሎቱን ማግኘቷን በፊርማዋ ወይም በጣት አሻራዋ ታረጋግጣለች።

እነዚህ ወረቀቶች በተቋሙ የመድን ጉዳይ ተጠሪና በሒሳብ ክፍሉ ተሰብስበው፣ ተመሳክረውና ተደምረው ብዙውን ጊዜ በየሩብ ዓመቱ ለመድን ጽሕፈት ቤቱ ይላካሉ። ሒደቱ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጤና ጣቢያ በሦስት ወር ውስጥ የሚያስተናግዳቸው አባላት ብዙ ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ካርዱ፣ የላቦራቶሪ ወረቀቱና ማዘዣው አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ቀንና አንድ ዓይነት የሕክምና ውሳኔ ሊያሳዩ ይገባል። በተጨናነቀ ቀን ያልተጻፈ ቀን፣ የተዘነጋ ፊርማ ወይም ሊነበብ የማይችል የእጅ ጽሑፍ ከሦስት ወር በኋላ የገንዘብ ጥያቄ ሆኖ ይመለሳል። በካርዱ ላይ ያልሰፈረ ሕክምና ለኦዲተሩ እንደተሰጠ አይቆጠርም፤ ባለሙያው በትክክል ሰጥቶት ቢሆንም እንኳ።

ኦዲተሮች ምን ይመለከታሉ?

ኦዲቱ ሁለት ገጽታዎች አሉት። የሒሳብ ኦዲቱ ድምሩ ትክክል መሆኑን፣ የተጠየቀው ዋጋ ከጸደቀው የዋጋ ዝርዝር ጋር መስማማቱን፣ ታካሚው በታከመበት ቀን አባልነቱ የጸና መሆኑን፣ አንድ አገልግሎት ሁለት ጊዜ አለመጠየቁን ያረጋግጣል። በዚህ በኩል የሚገኙ ጉድለቶች ግልጽ በመሆናቸው ብዙ ክርክር አያስነሱም።

የሕክምና ኦዲቱ ግን ይለያል። በጤና ባለሙያዎች የሚካሄድ ሲሆን የተሰጠው ሕክምና ከተገኘው በሽታና ከሀገር አቀፉ የሕክምና መመሪያ ጋር ይጣጣም እንደሆነ ይመረምራል። የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ለታካሚውም ቅርብ ናቸው። ጉንፋን በአብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ሆኖ ሳለ አንቲባዮቲክ ለምን ታዘዘ? በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት በቂ ሆኖ ሳለ መርፌ ለምን ተመረጠ? ካርዱ ላይ የተጻፈው የሕመም ታሪክ የታዘዙትን ምርመራዎች ሁሉ የሚጠይቅ ነበር?

በዚህ ረገድ ለታይፎይድና ለታይፈስ የሚደረገው የደም ምርመራ ጥሩ ማሳያ ነው። ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ በዚህ ምርመራ ማሳለፍ በብዙ ቦታ ከመለመዱ የተነሳ ታካሚው ራሱ «ታይፎይድ ይታይልኝ» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ሆኖም አንድ ጊዜ ብቻ በተደረገ የደም ምርመራ የሚገኝ አዎንታዊ ውጤት በሽታው መኖሩን ለብቻው አያረጋግጥም፤ ቀደም ሲል በሽታው ይዞት የነበረ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰውም ተመሳሳይ ውጤት ሊያሳይ ይችላል። በውጤቱ ብቻ ተመሥርቶ አንቲባዮቲክ መስጠት ቋቱን ያለ አግባብ ከማራቆቱም በላይ ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለማመዱ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ አንድ ባለሙያ የተጠየቀውን ምርመራ ወይም መርፌ ባያዝዝ አባሉ «መድን ስለሆንኩ ተናቅሁ» ብሎ ከመደምደሙ በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ምክንያቱ እንዲነገረውም መብት አለው።

የዚህ ተቃራኒም መታየት አለበት። ኦዲተር ይቀንስብኛል በሚል ስጋት አስፈላጊውን ምርመራ የሚያስቀር ባለሙያ ሊኖር ይችላል። የሕክምና ኦዲት ዓላማ ወጪ መቁረጥ ብቻ ተደርጎ ከተወሰደ አባሉን ይጎዳል። ባለሙያው ለምን እንዳዘዘ በካርዱ ላይ በአግባቡ እስከጻፈ ድረስ ውድ የሆነ ምርመራም ተቀባይነት ሊያገኝ ይገባል።

የጤና ተቋማት ለኦዲት የሚያደርጉት ዝግጅት

በተሻለ ሁኔታ የሚሠሩ ተቋማት የኦዲት ቡድን እስኪመጣ አይጠብቁም። በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ካርዶችን በናሙና እያወጡ ከማዘዣና ከላቦራቶሪ መዝገብ ጋር ራሳቸው ያመሳክራሉ፤ የተዘነጋውን ባለሙያው ሳይረሳው ያስተካክላሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ወሰን አለ። የተዘነጋ ቀን ወይም ፊርማ ባለሙያው በተገኘበት፣ እርማቱ በግልጽ በሚታይ መንገድ ሲሟላ ተገቢ ነው። ያልተደረገን ምርመራ ኦዲት ሲቃረብ መጻፍ ግን ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት በመሆኑ በሕግ ያስጠይቃል።

የኦዲት ቡድኑ ሥራውን ሲያጠናቅቅ ግኝቱን ከተቋሙ ኃላፊዎች ጋር ይወያይበታል። ተቋሙ በተቀነሰበት ክፍያ ካልተስማማ ማስረጃውን አቅርቦ እንዲታይለት በውሉ መሠረት መጠየቅ ይችላል። ጠንካራ ተቋም እያንዳንዱን ተቀናሽ በምክንያቱ ለይቶ ይመዘግባል፦ ይህን ያህሉ በማዘዣ ጉድለት፣ ይህን ያህሉ በአባልነት ማረጋገጫ፣ ይህን ያህሉ በሕክምና ውሳኔ። በተከታታይ ሩብ ዓመታት አንድ ዓይነት ጉድለት ከታየ ችግሩ የአንድ ሠራተኛ ዝንጋኤ ሳይሆን የአሠራር ክፍተት መሆኑ ይገለጣል።

ተቀናሽ ሁሉ ማጭበርበር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሰነድ አያያዝ ጉድለት ነው። ሆኖም እውነተኛ ማጭበርበርም ሊያጋጥም ይችላል፦ ያልመጣን አባል እንደታከመ መመዝገብ፣ ከተሰጠው በላይ መድኃኒት እንደተሰጠ መጻፍ፣ የአንድን ቤተሰብ ደብተር ለሌላ ሰው ሕክምና መጠቀም። የመጨረሻው ያለ አባላት ተሳትፎ ሊፈጸም እንደማይችል ልብ ይሏል።

ከተቋማት በኩል የሚቀርበው ቅሬታም መደመጥ ይኖርበታል። ኦዲቱ ሲጓተት ክፍያው አብሮ ይጓተታል። የመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰበስቡትን ገቢ በቦርዳቸው ወይም በሥራ አመራራቸው ውሳኔ ለመድኃኒት ግዢና ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉ ተፈቅዶላቸዋል። አባላት በበዙበት ወረዳ ከዚህ ገቢ ጉልህ የሆነው ክፍል ከመድን የሚመጣ ነው። ገንዘቡ ሲዘገይ ተቋሙ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚገዛበት አቅም ይዳከማል። በውሉ የተቀመጠው የክፍያ ጊዜ የመድን ጽሕፈት ቤቱንም እንደ ጤና ተቋሙ እኩል ያስገድዳል።

መድኃኒት ሲጠፋ

አባላት አዘውትረው የሚያቀርቡት ቅሬታ የታዘዘው መድኃኒት በተቋሙ አለመገኘቱ ነው። እንዲህ ሲያጋጥም የተቋሙ መድኃኒት ቤት በማዘዣው ላይ መድኃኒቱ አለመኖሩን በማኅተም ወይም በፊርማ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። አባሉ ይህን ማረጋገጫ ሳይዝ ከውጭ ቢገዛ ወጪውን ለማስመለስ የሚያቀርበው ጥያቄ በኦዲት ውድቅ ሊደረግበት ይችላል፤ ኦዲተሩ መድኃኒቱ በተቋሙ እያለ ከውጭ ተገዝቶ እንደሆነ የሚለይበት ሌላ ማስረጃ የለውምና። በመሆኑም ማረጋገጫ የተሰጠበትን ማዘዣ እና ሕጋዊ ደረሰኝ አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። የመድን ጽሕፈት ቤቶች ውል የገቡባቸው እንደ ከነማ ወይም የማኅበረሰብ መድኃኒት ቤት ያሉ ተቋማት በሚገኙበት አካባቢ ደግሞ አባሉ ገንዘብ ሳያወጣ መድኃኒቱን የሚያገኝበት ዕድል ስላለ፣ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ከመሄዱ በፊት የትኞቹ ውል እንዳላቸው መጠየቁ ይጠቅመዋል።

በመድኃኒት በኩል የኦዲት ሥራን ካቀለሉት አሠራሮች አንዱ ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት የሚባለው ነው። አሠራሩ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ተቋማት የተስፋፋ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ወደ ተቋሙ ከገባበት ጀምሮ ለታካሚ እስከሚሰጥበት ድረስ በሰነድ እንዲከታተሉት ያስችላል። ከመጋዘን የወጣው፣ ለታካሚ የተሰጠውና ለመድን የተጠየቀው መጠን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነት ካለ ወዲያው ይታያል። ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበ መድኃኒትም ሳይበላሽ ይለያል።

ለመድን የማይጠየቁ አገልግሎቶች

አንዳንድ አገልግሎቶች የመድን አባል ለሆነውም ላልሆነውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ የሚሰጡ ናቸው፦ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። ተቋሙ እነዚህን ለመድን ጽሕፈት ቤቱ በክፍያ ጥያቄነት ካቀረበ ይቀነስበታል፤ አባሉም ሊጠየቅባቸው አይገባም። ለውበት የሚደረግ ሕክምናና በሌላ ሕግ ካሣ የሚከፈልበት ጉዳት፣ ለምሳሌ በሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን የሚሸፈን የትራፊክ አደጋ፣ እንዲሁ ከማአጤመ ሽፋን ውጭ ናቸው። አባሉ የሪፈራል ቅብብሎሹን ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ቢሄድ፣ ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በስተቀር፣ ከወጪው ራሱ የሚሸፍነው ድርሻ ይኖራል።

የማበረታቻ ክፍያና ጥንቃቄው

ከኦዲቱ ጎን ለጎን ተቋማት የተሻለ እንዲሠሩ የሚገፋፉ የክፍያ ስልቶች አሉ። መታወቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር የክፍያው ዓይነት ራሱ ማበረታቻ መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ አገልግሎት በተናጠል ሲከፈል ተቋሙ ብዙ ምርመራና ብዙ መድኃኒት ባዘዘ ቁጥር ገቢው ይጨምራል፤ የሕክምና ኦዲት ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በአባላት ቁጥር ተሰልቶ አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ ደግሞ የወረቀት ሥራውን ይቀንሳል፤ ተቋሙም በሽታን አስቀድሞ በመከላከል እንዲያተርፍ ያደርጋል። ነገር ግን ታካሚ በአግባቡ ሳይታከም የሚሸኝበትን ፈተና ያመጣል። በዚህ ስልት ኦዲተሩ የሚፈልገው የበዛውን ሳይሆን የጎደለውን ነው።

ሦስተኛው ስልት በሥራ አፈጻጸም ላይ የተመሠረተ ክፍያ ሲሆን በሀገራችን በተወሰኑ አካባቢዎች በሙከራ ተተግብሯል። ተቋሙ በመዝገብ የተረጋገጠ የአገልግሎት ብዛትና በመመዘኛ የተለካ ጥራት ታይቶ ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛል። ገንዘቡ ለተቋሙ ማሻሻያ ይውላል፤ ከፊሉም እንደ አሠራሩ ለሠራተኞች ማትጊያ ይሆናል። በገንዘብ የታሰረ ቁጥር ያለ አግባብ የመጨመር አደጋ ስላለው ማረጋገጫው የሚደረገው በተቋሙ መዝገብ ብቻ አይደለም። ከመዝገቡ በናሙና የተመረጡ ሰዎች በመኖሪያ አካባቢያቸው እየተፈለጉ በእርግጥ መታከማቸውንና እንዴት እንደተስተናገዱ ይጠየቃሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቀርብለት ተገልጋይ የጠያቂውን መታወቂያ ማየት ይችላል፤ ስለ ሕመሙ ዝርዝር የመናገር ግዴታ የለበትም። ያገኘውን አገልግሎት ብቻ በእውነት ቢመሰክር በቂ ነው። ለጤና ጣቢያው በማዘን ያልተሰጠን አገልግሎት ተሰጥቷል ማለት ጤና ጣቢያውን አይጠቅመውም።

በሆስፒታሎች ደረጃ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የጥራት ጥምረት ተጠቃሽ ነው። ሆስፒታሎች በቡድን ተደራጅተው ልምድ ይለዋወጣሉ፣ በተመረጡ የጥራት ጉዳዮች ይመዘናሉ፣ ብልጫ ያሳዩትም ይሸለማሉ። የመጀመሪያው ዙር ትኩረት የታካሚዎች እርካታ ነበር። በመውጫ በር ላይ የሚቀርብ የእርካታ መጠይቅ ለብዙዎች ጊዜ ማባከን ሊመስል ቢችልም ለሆስፒታሉ ምዘና ግብዓት ይሆናል።

ከአባሉ የሚጠበቀው

አባሉ የኦዲት ባለሙያ እንዲሆን አይጠበቅም። የአባልነት ደብተሩን በወቅቱ ማሳደስ፣ ለቤተሰቡ አባል ላልሆነ ሰው አለማዋስ፣ በሞት ወይም በሌላ ምክንያት ከቤተሰቡ የተለየ ሰው ሲኖር ማሳወቅ ግዴታው ነው። በባዶ ቅጽ ላይ መፈረም አይገባውም። የሚፈርምበት ወረቀት ላይ የተዘረዘረው መድኃኒት በእጁ ካለው ጋር መስማማቱን መመልከት፣ ማንበብ ካልቻለ እንዲነበብለት መጠየቅ ይችላል። ሦስት ዓይነት ታዝዞ ሁለት ብቻ ከተሰጠው ሁለት ብቻ መሰጠቱ እንዲጻፍ ያድርግ፤ ይህች ትንሽ ጥንቃቄ ከማንኛውም ኦዲተር ቀድማ መዋጮውን ትጠብቃለች።

አንዳንድ ተገልጋዮች ካርዳቸው በኦዲተር እጅ መግባቱ ያሳስባቸዋል። የሕክምና ኦዲት የሚያደርጉ ባለሙያዎች የታካሚን ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ እንደ አካሚው ባለሙያ አለባቸው፤ ከሥራው ውጭ የአንድን ሰው ሕመም ለሌላ መግለጽ ያስጠይቃቸዋል።

በደብተሩ ምክንያት የተጉላላ፣ በሽፋኑ ውስጥ ላለ አገልግሎት ገንዘብ የተጠየቀ ወይም ያላገኘው አገልግሎት በስሙ ተመዝግቦ ያገኘ አባል በመጀመሪያ ለተቋሙ ኃላፊ ወይም በተቋሙ ለተመደበው የመድን ጉዳይ ተጠሪ ያመለክታል። ምላሽ ካላገኘ ለወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ቅሬታውን በጽሑፍ ወይም በቃል ማቅረብ ይችላል። ቅሬታው የታከመበትን ቀን፣ የካርድ ቁጥሩን፣ ካለም ደረሰኙንና የማዘዣውን ቅጂ ቢይዝ ማጣራቱ ይፈጥናል። በጤና አገልግሎት ዙሪያ ለሚነሱ ሌሎች ጥያቄዎች የጤና ሚኒስቴር ነጻ የስልክ መስመር 952 ነው።